የአሮጌው ዊል ሆርስ ትራክተር ሞተር ቅየራ፦ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ የማርች መጀመሪያ

ትራክተሩ ዊል ሆርስ ሲ-120 ነው። ቀይ፣ የ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራ፣ 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ኮህለር ኬ301 ሞተር የተገጠመለት። ሰሜን ቨርጂኒያ ከቤቴ ጀርባ ያለችውን መሬት የማርሰው በእሱ ነው። ጎመን፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ትንሽ በሶብላ። አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው። ሲደርቅ ጡብ ይሆናል፤ ሲርስ ጫማ ያወልቃል። ለዚህ አፈር ክብደት ያለው ማሽን ያስፈልጋል።

ባለፈው መኸር ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረ። ዘይት ይጠጣል። ማረሻው ጠለቅ ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል። ሲሞቅ ደግሞ ከታች በኩል ያንኳኳል። የብርዱን ወራት ሸራ ለብሶ ከረመ። ዛሬ ምርመራውን ጀመርኩ።

ኬ301 ያላችሁ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። ይህ ሞተር በቀላሉ እንዲነሳ፣ ቀስ ብሎ ሲዞር እመቃውን (ኮምፕረሽኑን) በትንሹ የሚያስተነፍስ ዘዴ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላይ አለው። ስለዚህ ተራው የኮምፕረሽን መለኪያ ጤነኛውንም ሞተር የታመመ ያስመስላል። የሚያዋጣው ፒስተኑን ጫፍ ላይ አቁሞ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ከኮምፕረሰር አየር እየሞሉ፣ አየሩ በየት እንደሚያመልጥ ማዳመጥ ነው። በካርቡሬተር ከወጣ የመግቢያው ቫልቭ ነው። በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ከወጣ የመውጫው ነው። የእኔው ግን በዘይት መሙያው በኩል ነው ያፏጨው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ አልቋል ማለት ነው።

እሑድ ከሰዓት

ቴስታውን ፈታሁ። ቫልቮቹ ብሎኩ ውስጥ ስለሆኑ ቴስታው ክዳን ብቻ ነው፤ ሥራው ቀላል ነው። የፒስተኑን አናት ከጥላሸት ሳጸዳው «030» የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ሲሊንደሩን በ0.030 ኢንች አስፍቶታል። ለዚህ ሞተር የሚሠራው ትልቁ ፒስተን ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ሲሊንደሩ ውስጥ አዲስ ቱቦ አስገብቶ እንደገና ማስሞረድ እንጂ ሌላ መንገድ የለም።

ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ አሉ። ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ መካኒክ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ እጃቸው ግን ሥራ አልረሳም። የፒስተኑን ዘንግ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ ታችም በልቷል» አሉኝ።

«ብሮንዙን ብንቀይረውስ ጋሼ?»

«የት አለውና ነው ብሮንዝ?»

እውነታቸውን ነው። የኬ301 የፒስተን ዘንግ አሉሚኒየም ነው። በመሐል ገብቶ የሚቀየር ስስ መያዣ፣ ማለትም ብሮንዝ የለውም፤ በቀጥታ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋና ዘንግ) ላይ ነው የሚሽከረከረው። ክራንኩ ከተበላ ክራንኩን አስሞርዶ፣ ለተሞረደው ልክ የተሠራ ዘንግ መግዛት ያስፈልጋል። ቱቦ፣ ሞረዳ፣ ዘንግ፣ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን ሲደመር የአዲስ ሞተር ዋጋ ይጠጋል። ሞተሩን ለመቀየር ወሰንኩ።

ትራክተሩን ራሱን ስለመቀየር ግን አላሰብኩም። ምክንያቱ ከመቀመጫው ሥር ነው ያለው። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወፍራም የተቀለጠ ብረት ነው፤ 6 ማርሽ ወደ ፊት፣ 2 ወደ ኋላ። ሻሲው ላይ ሰው ቢዘልበት አይበገርም። ዛሬ በየሱቁ በር ላይ የሚደረደሩት ሣር ማጨጃዎች ለሣር ጥሩ ናቸው፤ ማረሻ ጎትቱ ቢባሉ ግን አይችሉም። ይህን የሠራው ፋብሪካ ሳውዝ ቤንድ፣ ኢንዲያና ነበር። ኤልመር ፖንድ ከልጁ ከሴሲል ጋር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የጀመሩት ሥራ ነው። በ1974 ጂፕን ይሠራ የነበረው አሜሪካን ሞተርስ ገዛው፤ በ1986 ወደ ቶሮ እጅ ገባ። አሁን በዚህ ስም አዲስ ትራክተር አይሠራም። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለ አንድ ዊል ሆርስ ሲገኝ መንከባከብ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ማክሰኞ ማታ

የሞተር ምርጫ። ሁለት ሲሊንደር ያለው ትልቅ ሞተር የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ድምፁ ያምራል፣ ጉልበቱም ይተርፋል። እኔ ግን ኮፋኖውን መቁረጥ አልፈልግም። ይህ ቀይ ኮፋኖ እስከ ዛሬ ሳይሰበር የቆየ ነው።

ሆንዳ ጂኤክስ390 መረጥኩ፤ በቁልፍ የሚነሳውን፣ ባትሪ መሙያ ያለውን ዓይነት። 389 ሲሲ ነው። ኬ301 ደግሞ 476 ሲሲ ገደማ ነው። ወረቀት ላይ ጉልበታቸው ይቀራረባል፤ ሆንዳው በደቂቃ በ3,600 ዙር 11.7 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ልዩነቱ አሠራራቸው ላይ ነው። አሮጌው ፒስተኑ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው መሽከርከሪያ ብረትም ከባድ ነው። ሸክም ሲመጣበት ዙሩ ቢወርድም እየጎተተ ይቀጥላል። ሆንዳው ትንሽ ቀለል ብሎ ፈጠን ማለት ይወዳል። ይህን አውቄ ነው የገባሁበት፤ ሸክም ሲበዛ አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጎ መሥራት ነው።

ሳልገዛ በፊት ያረጋገጥኩት ዋናው ነገር የዙሩ አቅጣጫ ነው። ሁለቱም ፑሌጃ (ቺንጋውን፣ ማለትም ጉልበት የሚያስተላልፈውን ቀበቶ፣ የሚያዞረው መዘውር) በሚታሰርበት በኩል ፊት ለፊት ሲታዩ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ነው የሚዞሩት። ይህ ባይገጥም ኖሮ ትራክተሩ 2 ማርሽ ወደ ፊት፣ 6 ወደ ኋላ ይኖረው ነበር።

ቅዳሜ

አሮጌው ወረደ። ቺንጋው ወጣ፣ ገመዶቹ ተፈቱ፣ አራቱ ቡሎን ተፈቱ። አንዱ ዝጎ አልነቃነቅ ስላለ በእሳት አሞቅነው። ከ50 ኪሎ በላይ ስለሆነ ከጋሼ ጋር በሰንሰለት ነው ያነሳነው። አልጣልኩትም። ብሎኩ አልተሰነጠቀም፤ ቱቦ ቢገባለት ገና የሚያገለግል ነው። አሮጌ ትራክተር እንደ ፋብሪካው አድርጎ የሚያድስ ሰው ካገኘሁ እሰጠዋለሁ።

ሞተሩ ከወጣ በኋላ ሻሲውን ሙሉውን አጠብኩ። የዓመታት ዘይትና ሣር ተጣብቆ እንደ ሬንጅ ሆኗል። ከሥሩ ስንጥቅ ካለ ለማየት ጊዜው አሁን ነው። ምንም የለም።

ከዚያ ልኬት። ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሞተር ማንሳትና ማስቀመጥ ጉልበት ብቻ ነው የሚጠይቀው። አዲሱንና አሮጌውን ማገናኘት ግን ሦስት ጥያቄ አለው፤ የማሰሪያ ቡሎኖቹ ቀዳዳ፣ ከፍታውና ፑሌጃ የሚታሰርበት ዘንግ ውፍረት። ሦስቱም አይገጥሙም። የሆንዳው ቀዳዳ በሌላ ልክ ነው። ዘንጉ ከአሮጌው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የኮህለሩ ዘንግ 1 ኢንች ከ1/8 ነው፤ የሆንዳው 1 ኢንች።

በሚቀጥለው ሳምንት ምሽቶች

ለቀዳዳውና ለከፍታው አንድ መፍትሔ፤ ወፍራም የብረት ሰሌዳ። 10 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት አስቆረጥኩ። ሰሌዳው በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ከሻሲው ጋር ይታሰራል፤ ሞተሩ ደግሞ በራሱ ቀዳዳዎች ከሰሌዳው ጋር። የጎደለውን ከፍታ ከሥሩ ድፍን ብረት አስገብቼ ሞላሁ። ሮንዴላ ደራርቦ ከፍታ ማስተካከል አልወድም። አንድ ሲሊንደር ያለው ሞተር ያለማቋረጥ ስለሚርገበገብ የተደራረበ ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ይላላል።

የሞተሩን ቀዳዳዎች ሰሌዳው ላይ ክብ አላደረግኳቸውም። በትራፓኖ በስቼ በሞረድ ሞላላ አደረግኳቸው፤ ሞተሩ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጥቂት ሚሊ እንዲንሸራተት። ያለዚህ ፑሌጃ ማሰለፍ አይቻልም።

የፑሌጃው ጉዳይ ትንሽ አከራከረን። አሮጌውን ፑሌጃ ለመጠቀም ቀጭን ቀለበት መሐሉ ማስገባት ይቻላል፤ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። የቀለበቱ ግድግዳ ግን 1/16 ኢንች ብቻ ነው የሚሆነው። ጋሼ ይሠራል አሉ። እኔ ማረሻ የሚጎትት ማሽን ላይ ያን ያህል ስስ ነገር ልቤ አላመነውም። ደግሞ አሮጌው ፑሌጃ ቺንጋው የሚቀመጥበት ቦታ ታችኛው ድረስ አብረቅርቋል። ቺንጋ መያዝ ያለበት በሁለቱ ጎኖቹ ነው። ታች ከነካ ተንሸራቷል ማለት ነው። ስለዚህ 1 ኢንች ቀዳዳ ያለው አዲስ ፑሌጃ ገዛሁ፤ የውጪው ልክ ከአሮጌው እኩል የሆነ። ልኩ ከተለወጠ የትራክተሩ ፍጥነት በየማርሹ ይለወጣል። ጋሼም አዲሱን ሲያዩት «እሱስ ይሻላል» አሉ።

ቅዳሜ

ሞተሩ ተቀመጠ። ከአሮጌው በጣም ቀላል ነው፤ ሆንዳው 31 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ሰው እንደ ልቡ ያነሳዋል።

ማሰለፉን በሲባጎ ሠራነው። ሲባጎውን ካምቢዮው ላይ ካለው ፑሌጃ ፊት ወጥረን እስከ ሞተሩ ፑሌጃ ወሰድነው። ሲባጎው ሁለቱንም ፑሌጃ ከዳር እስከ ዳር እኩል መንካት አለበት። መጀመሪያ ሞተሩ ወደ ውጪ ወጥቶ ነበር፤ በሞላላዎቹ ቀዳዳዎች ገፋ አድርገን አስተካከልነው። ከዚያ ቡሎኖቹን ዙሪያውን በመስቀል አጠበቅናቸው። የማይላላ ዳዶ ነው የተጠቀምነው።

ዊል ሆርስ ላይ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ፍሪሲዮኑ ሰሌዳ ያለው የመኪና ዓይነት አይደለም። ፔዳሉ ሲረገጥ ቺንጋውን የሚወጥረው ተሽከርካሪ ይላላል፤ ያን ጊዜ ቺንጋው ፑሌጃውን ይለቃል። ቺንጋው እንዲለቅ ግን ከሞተሩ ፑሌጃ አጠገብ የሚይዙት የብረት ጣቶች ያስፈልጋሉ። እነሱ ከሌሉ ቺንጋው ላልቶም ፑሌጃው ላይ እየተጠቀለለ መጎተቱን አያቆምም። ማርሹም ይጮኻል። የሞተሩ ቦታ ስለተለወጠ የድሮዎቹ ጣቶች አልደረሱም። ከብረት ዘንግ አጥፌ አዲስ ሠራሁ። ቺንጋው ተወጥሮ ሲቆም ጣቶቹ ሊነኩት አይገባም፤ ጥቂት ሚሊ ይራቁ። ወደ ኤሌክትሪኩ ሥራ የሚቸኩል ሰው ይህን ዘሎ ከሄደ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ ያሳዝነዋል።

እሑድ

ኤሌክትሪክ። ይህንን ክፍል በደንብ እጽፋለሁ፤ አዲስ ሞተር የሚቃጠለው እዚህ ነውና።

አሮጌው ኮህለር ብልጭታውን ያገኝ የነበረው ከባትሪ ነው። ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት ወደ ቦቢናው (ብልጭታ ወደሚፈጥረው ጥቅልል) ይሄዳል፣ ፑንቲናው (የሚከፈትና የሚዘጋው መገናኛ) ያቋርጠዋል፣ ካንዴላው ይተኩሳል። ሞተሩን ለማጥፋት መብራቱን መቁረጥ ነው። ሆንዳው የዚህ ግልባጭ ነው። ብልጭታውን የሚያመነጨው መሽከርከሪያው ላይ ባለው ማግኔት ራሱ ነው፤ ከባትሪ ምንም አይፈልግም። ለማጥፋት የቦቢናውን ማጥፊያ ሽቦ ከማሳ (ከሞተሩና ከሻሲው ብረት) ጋር ማገናኘት ነው።

እንግዲህ አሮጌውን ቁልፍ እንዳለ ይዞ ድሮ ወደ ቦቢና ይሄድ የነበረውን ሽቦ ከአዲሱ ማጥፊያ ሽቦ ጋር ያገናኘ ሰው፣ ቁልፉን ሲከፍት 12 ቮልት ወደ አዲሱ ቦቢና ይልካል። ቦቢናው እዚያው ይሞታል። ቁልፉ ራሱ መቀየር አለበት። ሲዘጋ ማጥፊያውን ከማሳ ጋር የሚያገናኝ፣ ሲከፈት የሚለቅ ዓይነት ነው የሚገዛው። ዋጋው ትንሽ ነው። ሽቦውን ሳገናኝ ባትሪው ተነቅሎ ነበር፤ ከመትከሌ በፊትም ማጥፊያው ሽቦ ላይ በየትኛውም የቁልፍ ቦታ ቮልት አለመኖሩን በመለኪያ አየሁ።

የኮህለሩ ባትሪ መሙያ መቆጣጠሪያም ወጣ። ሆንዳው የራሱ አለው። መብራቶቹን ወደ ኤልኢዲ ቀየርኳቸው፤ የሆንዳው መሙያ ከድሮው ያነሰ ነው።

ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ሞተሪኖው እንዳይዞር የሚከለክለውን ስዊች በቦታው መለስኩት። ብዙ አሮጌ ትራክተር ላይ ይህ ስዊች ተቆርጦ ሽቦው ተጠማዞ ነው የሚገኘው። አልስማማበትም። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ማርሽ ላይ እንዳለ የሚነሳ ትራክተር መኖር የለበትም።

ሆንዳው ዘይት ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አለው፤ ቢጫው ሽቦ ነው። አንዳንድ ሰው ትራክተር ሲያዘነብል ሞተሩን ያጠፋዋል ብሎ ይነቅለዋል። እኔ ለካሁ። ሲታረስ አንዱ ጎን ጎማ ፈሩ ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ፈሩ 15 ሳንቲ ያህል ይጠልቃል። በጎማዎቹ መሐል 70 ሳንቲ ገደማ አለ። 12 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ማለት ነው። ሆንዳ የሚፈቅደው እስከ 20 ዲግሪ ነው። ሽቦው በቦታው ይቆያል። ይህ ሞተር ዘይቱን የሚያሰራጨው በመርጨት ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ካዘነበለ መጥፋቱ ለራሱ ይጠቅመዋል።

በሳምንቱ መሐል

ነዳጅ። ሆንዳው የሚመጣው ከአናቱ ላይ ታንክ ተሸክሞ ነው፤ ቤንዚኑ በራሱ ይወርዳል። ከነታንኩ ኮፋኖ አይዘጋም። ታንኩ ወረደ። የትራክተሩ ታንክ ግን ከካርቡሬተሩ ዝቅ ስለሚል ፓምፕ ያስፈልጋል። ኮህለሩ ብሎኩ ላይ የተገጠመ ፓምፕ ነበረው፤ ሆንዳው የለውም።

የኤሌክትሪክ ፓምፕ አልወደድኩትም። የሆንዳው ካርቡሬተር በስበት ለሚወርድ ቤንዚን የተሠራ ነው። ጠንከር ያለ ግፊት ከመጣበት መርፌው መዝጋት ያቅተዋል፤ ቤንዚኑም ይፈስሳል፣ አንዳንዴ ወደ ዘይቱ ይገባል። ከሞተሩ በሚመጣ የአየር ምት የሚሠራውን ትንሽ ፓምፕ ገጠምኩ። ከአየር መውጫው ከፍ አድርጌ ነው ያሰርኩት፤ ዝቅ ካለ ዘይት ይጠራቀምበታል። አዲስ የቤንዚን ቱቦ፣ አዲስ ፊልትሮ። ቱቦው ከማርሚታው ርቆ ነው የሚያልፈው።

የነዳጅ መስጫና የቾክ ገመዶች ያለ ችግር ደረሱ። ማርሚታው ወደ ኮፋኖው ጎን ስለሚተፋ አጭር ክርን ቧንቧ ተበየደለት፤ አሁን ወደ ታችና ወደ ፊት ይወጣል።

ቅዳሜ

የማስነሻ ቀን። አዲስ ሞተር ያለ ዘይት ነው የሚመጣው። ይህን ሁለቴ ቢጽፉት አይበዛም፤ ያለ ዘይት ነው የሚመጣው። 10W-30 ዘይት 1.1 ሊትር ሞላሁ። ካንዴላውን አውጥቼ ሞተሪኖውን ትንሽ አዞርኩት፤ ዘይቱ እንዲዳረስ፣ ፓምፑም ቤንዚን እንዲስብ። ካንዴላው ተመለሰ። ቾክ። ቁልፍ።

ተነሳ። ጋሼ እጃቸውን ኮፋኖው ላይ አድርገው «በል፣ በል፣ እንዳታስጮኸው» አሉ። ጥቂት ደቂቃ በቀስታ ከሠራ በኋላ ሚኒሞውን (ዝቅተኛውን ዙር) 1,400 ዙር ላይ አደረግነው። ላይኛውን ዙር ያለ ሸክም በመለኪያ አየን፤ ፋብሪካው ካስቀመጠው አልነካሁትም። ዙሩን የሚገድበውን ሞላ እየጎተቱ ተጨማሪ ጉልበት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ያ የሞተሩን ዕድሜ ያሳጥራል እንጂ ማረሻ አይጎትትም።

ከቀዘቀዘ በኋላ ቡሎኖቹን በሙሉ ዳግመኛ አጠበቅኩ። ከሰሌዳው ቡሎኖች አንዱ ሩብ ዙር ያህል ተቀበለ። ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው።

ማርሽ ሙከራ ግቢ ውስጥ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ቺንጋው ወዲያው ይቆማል። ማርሹ ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። አዲሶቹ ጣቶች ሥራቸውን ሠርተዋል።

ኤፕሪል፣ አፈሩ ሲጠነፍፍ

አንድ ጥግ አረስኩ። ከባዱ ሞተር በቀላል በመተካቱ ፊቱ ከ20 ኪሎ በላይ ቀልሏል። ማረሻው ሲይዝ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ሊነሱ ይፈልጋሉ፤ መሪውም አይታዘዝም። ከፊት ባምፐሩ ላይ የብረት ክብደቶች አሰርኩ፤ ያጣውን ክብደት መለስኩለት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መሪው ታዘዘ።

በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛው ክልል፣ ፈሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። አሮጌው የሚሰጠው ዝግ ያለ አጎታተት የለውም። ድንጋይ ወይም ሥር ሲያገኝ ዙሩ ቶሎ ይወርዳል፤ ወዲያው ግን ያገግማል። ጭስ የለም። ከመቀመጫው ሆኖ ሰው ጋር ማውራት ይቻላል። የቤንዚን አጠጣጡም ቀንሷል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። የቺንጋው መሸፈኛ ላሜራ ለአዲሱ ፑሌጃ ትንሽ ይጠባል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆርጬ እበይደዋለሁ። እስከዚያ ከእኔ በቀር ማንም አይነዳውም። የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ሥራ ወይም በመጀመሪያው ወር ይቀየራል፤ ያን ጊዜ የቺንጋውን ውጥረት አብሬ አያለሁ፤ አዲስ ቺንጋ ትንሽ ይለጠጣል። የቫልቮቹን ክፍተትም ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ እለካለሁ፤ መግቢያው 0.15 ሚሊ፣ መውጫው 0.20። ድንቹ የሚተከልበትን ቦታ ሐሙስ ዝናብ ካልመጣ እጨርሰዋለሁ።